በሁለት ፎቅ መሃል

ጥር 9

ይድረስ ለፊውዝ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። መልስ ያዘገየሁት ንቄህ አይደለም። ክሊኒኩ ካርድ ክፍሉን ወደ ምድር ቤት አዛውሮት፣ የአሥራ ስድስት ዓመት የበሽተኛ ካርድ በእጄ ሳግዝ ሰነበትኩ። ወገቤ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ሊወጣ ነው። ይቅርታ አድርግልኝ።

ለጠየቅከኝ፣ አዎ፣ የአባባ ብሎግ ፎቶዎች አንተ ጋ ብቻ አይደለም የጠፉት። እኛም ጋ አይከፈቱም። አባባ ማሽን ክፍል ውስጥ መፍቻውን ይዞ የቆመበት ፎቶ የነበረበት ቦታ ባዶ ሳጥን ብቻ ነው የሚታየው። ብሎጉን የሚያስተናግደው ድርጅት ለሌላ ድርጅት ተሸጧል አሉ። «አሉ» የምልህ እነሱ ራሳቸው ስላልነገሩን ነው። ለእርዳታ ክፍላቸው አምስት ጊዜ ጻፍኩ፤ አምስቱንም ጊዜ «መልእክትዎ ደርሶናል» የሚል ያው አንድ መልስ መጣልኝ። ባለፈው ሰኞ ደግሞ ከገጹ አናት ላይ ቢጫ ማስታወቂያ ለጠፉ፤ ከየካቲት 30 በኋላ አገልግሎቱ «ሊቀየር ይችላል» ይላል። እንዴት እንደሚቀየር አልጻፉም። ካርድ ክፍል ብዙ ዓመት ስለሠራሁ፣ እንዲህ ያለ አነጋገር ሲመጣ የሚጠፋ ነገር እንዳለ አውቃለሁ።

ስድስት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው የወጣ ነገር ነው፤ ሦስት መቶ ዘጠኝ ጽሑፍ። አባባ ሊፍት ሲጠግን ከሁለት ፎቅ መሃል ያወጣው ሰው ሁሉ እዚያ አለ፤ ሙሽራዋ፣ ሁለቱ የተጣሉ ጠበቆች፣ ድመቷን ይዛ የቀረችው ሴትዮ። ከጡረታ በኋላ ከዚህ ሌላ ያከማቸው ነገር የለም።

ስለ እሱ ለጠየቅከኝ፣ ደህና ነው። ይበላል፣ መስኮት ዳር ይቀመጣል። ድምፁ ስለሻከረበት ስልክ ላይ አይመጣም። ደግሞም እኔና አንተ ስልክ ላይ ስንገናኝ እንደምንጣላ አይቶ ከእንግዲህ በደብዳቤ ብቻ ተነጋገሩ ብሎ የፈረደብን እሱ ነው፤ የራሱን ሕግ አያፈርስም። በአንድ ምሽት ሦስት ጊዜ ጆሮዬ ላይ የዘጋኸው አንተ መሆንህን ደግሞ አትርሳ።

የት እንደምንዛወር ምከረኝ። ኮምፒውተር ከእኔ ይልቅ አንተን ይሰማል። ከጥናትህ ግን አንድ ሰዓት እንዳትሰርቅ፤ የመጨረሻ ፈተናህ መጋቢት 12 መሆኑን ግድግዳዬ ላይ ጽፌዋለሁ።

እህትህ ፍሬን


ጥር 13

ለእትዬ ፍሬን፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። አባባንም ጉንጩን ሳሚልኝ።

ስለ ወገብሽ አዘንኩ፤ ስለ ሦስቱ ስልክ ግን አላዘንኩም። የዘጋሁት ሁለቱን ነው፣ ሦስተኛው ባትሪ ነበር። አባባ እኔን ፊውዝ፣ አንቺን ፍሬን ብሎ ሲሰይመን የሠላሳ ዓመት ሙያውን ሁሉ አስቦበት መሆን አለበት። እኔ ቶሎ እቃጠላለሁ፤ አንቺ ደግሞ ሁሉን ነገር ባለበት ታቆሚያለሽ።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ሦስት ቦታ አየሁ። አንደኛው ነጻ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ግን በጽሑፉ መሃል ማስታወቂያ ይሰነቅራል። ሙሽራዋ አምስተኛ ፎቅ ሳትደርስ ቆማ ስታለቅስ የቦርጭ ማጥፊያ ክኒን ብቅ ይላል። ሁለተኛው ጽሑፉን ለተመዘገበ አንባቢ ሁሉ በኢሜይል ይልካል፤ በራሳችን አድራሻም ልንጠቀምበት እንችላለን። ሦስተኛው ሁሉንም ራሳችን የምናስተዳድረው ነው፤ ማንም አያስወጣንም፣ ሲበላሽ ግን ጠጋኙ እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ አሁን ጭንቅላቴ ውስጥ ከድልድይ በቀር ምንም የለም። የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ይበቃናል እንዳትዪኝ። እዚያ የዛሬ ወር የተጻፈን ነገር ለማግኘት ስትፈልጊ ጣትሽ ይላጣል።

የትም እንሂድ፣ እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ስንፈልግ ሁሉንም ይዘን መውጣት እንችላለን ወይ? ይሄኛው ሲሸጥ ማንም አልጠየቀንም፤ የሚቀጥለውም ሲሸጥ አይጠይቀንም። የይለፍ ቃሉን ላኪልኝና በአንድ ከሰዓት እጨርሰዋለሁ።

ሌላም አለ። ያለፈው ቅዳሜ ጽሑፍ ላይ፣ ጥርስ ሐኪሙ ሰባተኛ ፎቅ የቀረበት፣ አባባ በሩን ከፍቶ ሰውየውን ካወጣ በኋላ ወደ ማሽን ክፍል ወጥቶ ኃይሉን አጠፋ ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጋሽ መፍቻም ከታች «ወንድሜ፣ ይሄን አንተ አልሠራኸውም» ብለው ጽፈዋል። ጋሽ መፍቻ ሃያ ዓመት አብረውት የሠሩ ሰው ናቸው፤ ዝም ብለው አይናገሩም። ኃይል፣ ምልክት፣ ድምፅ፣ በር። ኃይሉን አጥፋ፤ ማንም እንዳይነካው ስዊቹ ላይ ምልክት ስቀል፤ ውስጥ ላለው ሰው ድምፅህን አሰማው፤ በሩን በመጨረሻ ክፈት። ይሄን ከፊደል አስቀድሞ ነው ያስተማረን። እንዴት ገለበጠው? ጠይቂውና ንገሪኝ።

ፊውዝ


ጥር 15

(ያልተላከ። ብሎጉ ውስጥ፣ ተጽፎ ያልወጣ ጽሑፍ በሚቀመጥበት በረቂቅ ሳጥን የተቀመጠ።)

ወንድሜ፣

ይሄንንም እንደ ሌሎቹ ላልልከው ነው የምጽፈው። የረቂቅ ሳጥኑ የሆዴን የማራግፍበት ጓዳ ሆኗል። ሃያ ሁለት ደብዳቤ አለህ እዚያ፤ ይሄ ሃያ ሦስተኛው ነው።

አባባ አልገለበጠውም። የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ሊፍት ውስጥ የቀረ ጥርስ ሐኪም የለም፤ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ያስቀረሁት እኔ ነኝ።

ባለፈው ዓመት ግንቦት 3 ጠዋት አባባ የጫማውን ክር እያሰረ ወደቀ። ስትሮክ ነው አሉን። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ሄዱ፤ ንግግሩም አብሮ ሄደ። ሁሉን ይሰማል፣ ሁሉን ይረዳል፣ ቃል ግን አይወጣውም። አንተ ያን ሳምንት ፈተና ላይ ነበርክ። ልደውልልህ ስልኬን ሳነሳ በግራ እጁ ክንዴን ያዘኝ። ወረቀት አመጣሁለት። ግማሽ ቀን ታግሎ ሦስት ቃል ጻፈ፤ «አትንገሪው። ትምህርቱን ይጨርስ።»

ምክንያቱን ታውቃለህ። እማማ ስትታመም አንደኛውን ትምህርት ጥለህ መጣህ። ከሞተች በኋላ የጀመርከውን ሁለተኛውንም አቋረጥከው። ሦስተኛውን በእሱ ምክንያት እንድትጥለው አልፈለገም።

ቅዳሜ ጽሑፍ ካልወጣ ይገባሃል ብዬ ቀጠልኩበት። መጀመሪያ ከማስታወሻ ደብተሩ ነበር የምቀዳው፤ ቀኑን፣ ሕንጻውን፣ ብልሽቱን፣ የቀረው ሰው የተናገረውን ሁሉ መዝግቦ ነበር። ደብተሩ ኅዳር ላይ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ያሉት ዘጠኙ የእኔ ፈጠራ ናቸው። አሁን የይለፍ ቃሉን ብሰጥህ ገና ስትገባ የምታየው ይሄን ሳጥን ነው። ሃያ ሦስቱንም ላጠፋቸው ብል ደግሞ እጄ እምቢ አለኝ፤ እውነቱን የተናገርኩት እዚህ ብቻ ነው።

ለፈተናህ ሃምሳ ሰባት ቀን ቀርቷል። ከስምንት ወር በላይ ዋሽቼሃለሁ፤ ሃምሳ ሰባት ቀን ያቅተኛል? ዛሬ የሚያቅተኝ ይመስለኛል።


ጥር 16

ይድረስ ለፊውዝ፣

ጤናህ እንዴት ነው? አባባን ጠየቅኩት። ሰው ሲያረጅ ቅደም ተከተል ይምታታበታል፤ አታጋንነው። አስተካክለዋለሁ፣ ለጋሽ መፍቻም መልስ እጽፋለሁ።

የይለፍ ቃሉን ግን ለማንም አልሰጥም ብሏል። የእሱ ነገር ነው፣ ምን አደርጋለሁ።

ስለ መዛወሩ፣ ማስታወቂያ የሚለጥፈውን ተወው። በኢሜይል የሚልከው ይሻላል መሰለኝ፤ ግን ባለቤቱ ማን ነው? ዛሬ ደግ ሆኖ ነገ ቢሸጥስ? ለነገሩ ምናልባት ይሄኛው ድርጅትም አይዘጋ ይሆናል። ከፈተናህ በኋላ ተረጋግተን ብናየው ምን ይመስልሃል? ሦስት መቶ ጽሑፍ በጥድፊያ አይጫንም።

በርትተህ አጥና። ምሳ አትዝለል።

ፍሬን


ጥር 24

ፍሬን፣

ሰላምታውን ዛሬ አልፈዋለሁ፣ ይቅር በዪኝ።

ፈተናዬ የሚያልቀው ቢጫው ማስታወቂያ ከተናገረው ቀን አሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነው። ቀን መቁጠር አይጠፋሽም፤ ካርድ ክፍል ነሽ። ስድስት ዓመት የተጻፈ ነገር ገደል አፋፍ ቆሞ አንቺ ተረጋግተን እንየው ትያለሽ። ይሄ ፍሬን አይደለም። አንድ ነገር እየደበቅሽኝ ነው።

አባባ የይለፍ ቃል አልሰጥም አለ? አባባ እኮ የይለፍ ቃሉን በትልቁ ጽፎ ማቀዝቀዣው በር ላይ የለጠፈ ሰው ነው። ሌባ ይገባል ብለሽ ገንጥለሽ የቀየርሽው አንቺ ነሽ። ስምንት ወር ድምፁን አልሰማሁም። ሻከረ ትዪኛለሽ፤ ስምንት ወር የሚሻክር ድምፅ ምን ዓይነት ነው? ቅዳሜ ቅዳሜ ጽሑፉን ባላየው ኖሮ ሌላ ነገር አስብ ነበር። ዝም ያልኩት እሱን እያነበብኩ ነው።

የይለፍ ቃሉን ተዪው። ማስተካከያ ውስጥ ግቢና «ሁሉንም ይዘት አውርድ» የሚለውን ጫኚ፤ አንድ ፋይል ይሰጥሻል። እሱን ላኪልኝ። ይሄን እንኳ እምቢ ካልሽኝ ግን አልታገስም።

ሁለተኛው ነገር። ስድስት ዓመቴ ሆኖ አባባ ሥራ ቦታው ወስዶኝ ሊፍት ውስጥ ለብቻዬ ቀርቼ ነበር። ከውጭ ሆኖ ምን እንዳለኝ የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነን፤ ብሎጉም ላይ አልጻፈውም። ጠይቂውና የመለሰልሽን ጻፊልኝ። ትክክለኛው መልስ ካልመጣ ደብተሬን ዘግቼ እመጣለሁ። ፈተናው ይቅር።

ፊውዝ


የካቲት 1

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን አለህ? ያለፈው ደብዳቤህ አስደነገጠኝ። ሁለት ቀን በኪሴ ይዤው ዞርኩ።

አባባ ፊት ተቀምጬ ጥያቄህን ቃል በቃል አነበብኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ ቆየ። የተኛ መስሎኝ ልነሳ ስል መለሰልኝ። ምንም አላለህም። አንኳኳልህ። መጀመሪያ አንድ ጊዜ፣ ቆይቶ ሁለት ጊዜ፣ በመጨረሻ ሦስት ጊዜ። ትርጉሙን አልነገረኝም፤ አንተ ታውቀዋለህ ብዬ አስባለሁ።

ፋይሉን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ብሎጉ ላይ ወጥቶ የሚታየው ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። ቦታውም በኢሜይል የሚልከው ይሁን፣ በራሳችን አድራሻ። ባለቤቱ ነገ ቢቀየር እንኳ አድራሻችንን ይዘን እንወጣለን፣ አንባቢውም የድሮውን መንገድ ይዞ ይመጣል። ለአባባም ይሄንኑ አስረድቼው ራሱን ነቅንቆልኛል።

አሁን ደብተርህን ክፈት። እለምንሃለሁ።

ፍሬን


የካቲት 4

ለእትዬ፣

ይቅርታ አድርጊልኝ። ደብዳቤሽን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከፍቼ አንብቤ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄጄ አለቀስኩ። አፈርኩ። አንቺን እንደ ሌባ መረመርኩሽ።

ትርጉሙ እንዲህ ነው። ያን ቀን በሩ ወፍራም ስለነበር ድምፁ አይሰማኝም ነበር። እያለቀስኩ በሩን በጣቴ ለመፈልቀቅ ስታገል ብረቱን አንድ ጊዜ መታው። ዝም አልኩ። ከዚያ ሁለት ጊዜ መታው፣ ደንግጬ እጄን አነሳሁ። ወዲያው ሊፍቱ ወደ ታች ተንሸራተተ፤ እጄ በሩ ላይ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይሄን የምጽፍበት ጣት አልነበረኝም። በመጨረሻ ሦስት ጊዜ መታው፣ በሩም ተከፈተ። ቤት ስንገባ ነው የነገረኝ። አንድ ማለት አለሁ ማለት ነው። ሁለት ማለት ባለህበት ቆይ። ሦስት ማለት እከፍታለሁ።

እንግዲህ ይሄን ከእሱ በቀር ማን ያውቀዋል? ስለዚህ ደህና ነው፣ አንቺም ደህና ነሽ፣ ጥርጣሬዬን ተዪልኝ። ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር እጭነዋለሁ። ፋይሉ በኮድ የታጨቀ ስለሆነ ከፍቶ ማንበብ አይቻልም፤ እንዳለ መጫን ብቻ ነው። ሦስት መቶ አርባ ተመዝጋቢዎቹንም አዛውሬያለሁ። እኔና አንቺም ዝርዝሩ ውስጥ አለን።

ለአባባ አንድ ጊዜ አንኳኪለት።

ፊውዝ


የካቲት 8፣ ሐሙስ

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ጫንኩት። ቁልፉን ተጭኜ ወደ ክፍል ገባሁ። ስወጣ ስልኬ ላይ ሃያ ሦስት ኢሜይል ነበር፤ ሁሉም «በሁለት ፎቅ መሃል» ከሚለው ከራሳችን ብሎግ። የመጀመሪያው «ወንድሜ፣ ዛሬ አባባ ማንኪያውን በግራ እጁ ያዘ» ይላል።

ኮሪደር ላይ ቆሜ አነበብኩ። ከአሥራ አራተኛው በኋላ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሰዎች እየተሻገሩኝ አለፉ።

ሁለት ትናንሽ ሳጥኖች ነበሩ። አንዱ ረቂቆቹንም አውጣ ይላል፣ ሌላው ለተመዝጋቢዎች በኢሜይል ላክ። ሁለቱም ላይ ምልክት ነበረባቸው፤ አላየኋቸውም። ኃይሉን ሳላጠፋ በሩን ከፈትኩት፣ የጥርስ ሐኪሙን ጽሑፍ ስህተት ራሴ ደገምኩት። ሦስት መቶ አርባ ሰው እኔ ያላወቅኩትን ስለ አባቴ እኩል ከእኔ ጋር አወቀ። ለዚህ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። ከዚህ በቀር ለምንም ነገር ይቅርታ አልጠይቅሽም።

አባቴን እንደ ካርድ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥሽብኝ። ዘጠኝ ወር ሙሉ እሱ ይጽፍልኛል ያልኩት አንቺ ነበርሽ። የጥርስ ሐኪሙን አንብቤ ስቄ ነበር፤ በማን ነበር የምስቀው? ከሁሉ የከፋው ደግሞ እውነተኛ መልሱን አምጥተሽ ልትዋሺኝ መጠቀምሽ ነው። አንድም የሐሰት ቃል አልጻፍሽም። እንዲህ የተማርሽው ከየት ነው?

የማክሰኞ ትኬት ቆርጫለሁ። ፈተናውን አልፈተንም። እንዳትከራከሪኝ።


የካቲት 9፣ ዓርብ

ወንድሜ፣

ልክ ነህ። በሁሉም ልክ ነህ። ይቅርታ አድርግልኝ፤ ዛሬ ባታደርግልኝም እጠይቅሃለሁ።

እኔም ካርድ ክፍል ነበርኩ። ስልኬ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲንቀጠቀጥ፣ የሰው ካርድ በእጄ እንደያዝኩ የራሴን ደብዳቤ አነበብኩ። ፋይሉ የወጣውን ብቻ የሚይዝ መስሎኝ ነበር። «ሁሉንም ይዘት» የሚለውን በዓይኔ እያየሁ ጫንኩት። ካርድ ክፍል የምሠራ ሴት፣ ሁሉንም ማለት ሁሉንም ማለት መሆኑን አላወቅኩም።

ለምን ብለህ ባትጠይቀኝም እነግርሃለሁ። መጀመሪያ አባባ ስላዘዘኝ ነበር። ፈርቼም ነበር፤ ሦስተኛውንም ጥለህ መጥተህ፣ እንደ እማማ ጊዜ መስኮቱ ዳር ተቀምጠህ ዓመት ስትቆጥር ማየት አልፈለግኩም። በኋላ ግን ሌላ ነገር መጣ፤ ይሄን ረቂቅ ውስጥ እንኳ አልጻፍኩትም። በእሱ ድምፅ መናገር ወደድኩት። እኔ እድሜዬን ሙሉ የሰው ስም ፈልጌ ለሌላ ሰው የማቀብል ሰው ነኝ። በአባባ ስም ስጽፍ ሦስት መቶ አርባ ሰው ቁጭ ብሎ ሰማኝ። አንተም ሰማኸኝ። ስልክ ላይ ሰምተኸኝ አታውቅም።

ከሥራ ፈቃድ ለምኜ እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። ሃያ ሦስቱንም ለአባባ አነበብኩለት፤ ከእንግዲህ እሱ ብቻ ሳያውቅ እንዲቀር አልፈለግኩም። አንዳንዱ ላይ ሳቀ፤ አሁን የሚስቀው ግማሽ ፊቱ ነው። ከኃይሉ በፊት በሩን ከፈትኩ ያልኩበት ላይ ስደርስ ጠረጴዛውን በጥፊ መታው። ማጥፋት ትፈልጋለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። አልፈለገም። እንዲቀመጡ ነው የሚፈልገው።

ከአንባቢዎቹ አራቱ ተሰርዘዋል። የቀሩት አሁንም እየጻፉልን ነው፣ ገና አንብቤ አልጨረስኩም። ጋሽ መፍቻ ለእኔ ለብቻዬ ጻፉ። ስህተቱን ባዩ ጊዜ ወንድሜ ጃጀ ብለው አንድ ሳምንት አዝነው ነበር፤ የአንቺ መሆኑን ባውቅ ኖሮ ዝም ብዬ አርምልሽ ነበር አሉኝ። የራሳቸውን የሥራ ማስታወሻ ደብተር እልክልሻለሁ ብለዋል፤ አብረው ያወጧቸው ሰዎች ሁሉ እዚያም አሉ።

ስለ ትኬቱ አልከራከርህም። እኔ ከዚህ በኋላ በአባባ ፋንታ አልናገርም፣ አትምጣም ናም አልልህም። እሱን ራሱን ጠይቀው። ነገ ቅዳሜ፣ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ደውል። ሕጉን እኔ አፈርሰዋለሁ። ስልኩን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ፣ በግራ እጁ በኩል አስቀምጥና በሩን ዘግቼ ወደ ኩሽና እሄዳለሁ። የሚልህን አድርግ። ና ካለህ ማክሰኞ አልጋህ ይነጠፋል።

ፍሬን


የካቲት 10፣ ቅዳሜ

ለእህቴ፣

እንደምን ዋልሽ? ስልኩን ዘግቼ መጻፊያዬን አነሳሁ። ከኩሽና ሳትሰሚ አትቀሪም፣ ቢሆንም ከእኔ ስሚው።

መጀመሪያ ትንፋሹን ብቻ ነበር የምሰማው። ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ። «አባባ» አልኩት። ዘጠኝ ወር ያጠራቀምኩት ወሬ ሁሉ ከአፌ ጠፋ።

አንድ ጊዜ አንኳኳ።

እኔም ጠረጴዛዬን አንድ ጊዜ መታሁት። ያን ጊዜ ነው በሕይወት እንዳለ የገባኝ፣ ደብዳቤሽን አንብቤም አልገባኝም ነበር። ማልቀሴን እንዳይሰማ አፌን በእጄ ያዝኩ፤ የሰማ ይመስለኛል።

ማክሰኞ እመጣለሁ አልኩት። ትኬቱ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ፈተናው በሌላ ጊዜም ይገኛል፣ አንተ ግን ላትገኝ ትችላለህ አልኩት። እንዲህ ማለቴ ክፉ ነው፤ ግን ያሰብኩት እሱን ነበር። ከዚያ ሁለት ጊዜ አንኳኳ።

«አባባ፣ እመጣለሁ አልኩህ እኮ።»

ሁለት ጊዜ። አሁን ጠንከር አድርጎ።

ሦስተኛ ጊዜም ተከራከርኩት። አንቺ ብትሆኚ ይሄኔ ስልኩን ዘግቼብሽ ነበር። እሱ ግን ሦስተኛውንም ጊዜ ሁለት ጊዜ አንኳኳልኝ፤ ቀስ ብሎ፣ ልክ ያን ቀን በብረቱ በር ላይ እንዳደረገው። እጄን ከበሩ ላይ አነሳሁ። እሺ አልኩት። ሳቀ መሰለኝ፤ ግማሽ ፊት ሲስቅ በስልክ ምን እንደሚመስል ስለማላውቅ እርግጠኛ አይደለሁም።

ትኬቱን አስለውጫለሁ። መጋቢት 12 እፈተናለሁ።

ባንቺ ላይ ያለኝ ቁጣ አልበረደም። ፊውዝ ነኝ፣ ስቃጠል ታውቂኛለሽ። ግን ትናንት የፈጠራ ጽሑፎችሽን ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደገና አነበብኳቸው፤ በዚህ ጊዜ የአንቺ መሆናቸውን እያወቅኩ። ጥርስ ሐኪሙ ሊፍቱ ውስጥ ሆኖ ውጭ ያለውን የማያውቀውን ሰው «አለህ?» እያለ ሲጠይቅ፣ አንቺ ነሽ። እንዴት ቀድሜ አላወቅኩሽም? መጻፍሽን እንዳታቆሚ።

ብሎጉ አዲሱ ቦታ ላይ ቆሟል። ፎቶዎቹ ፋይሉ ውስጥ ስለነበሩ ተመልሰዋል፤ አባባ መፍቻውን ይዞ ይታያል። የድሮውን አድራሻ የያዘ ሰውም እዚያው ይደርሳል። ሁለቱንም ሳጥኖች አጥፍቼ፣ ሦስት ጊዜ ፈትሼዋለሁ። «ጸሐፊ» የሚለው ቦታ ላይ ድሮ «ሊፍት ጠጋኙ» ይል ነበር። ባዶ ትቼዋለሁ፤ የይለፍ ቃሉ አንቺ ጋ ነው፣ ስምሽን ግቢና ጻፊበት።

እስከዚያ ለአባባ በየቀኑ አንድ ጊዜ አንኳኪለት፣ ከእኔ ነው በዪው። መጋቢት 15 ቅዳሜ ነው። ያን ቀን በራችሁ ሦስት ጊዜ ይንኳኳል።

ወንድምሽ ፊውዝ